እስራኤላውያን በምድረ በዳ ስንቅ ከየት አገኙ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የኦሪትን ታሪክ የሚያነብ ሰው አንድ ቦታ ላይ ቆም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ሁሉ ሕዝብ በዚያ በረሃ ምን አበላው? ውሃውስ ከየት መጣ? ልብሱስ? በጉዞው ለአምልኮ ለተሠራው ለመገናኛው ድንኳን የዋለው ያ ሁሉ ወርቅስ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፦ መና። መልሱ ስህተት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ጽሑፉን ረጋ ብላችሁ ስታነቡት ከመናው ጎን ከብቱም፣ ግዢውም፣ የሴቶቹ ፈትልም፣ በረሃውን የሚያውቁ ሰዎች ምክርም አለ። ከሰማይ የወረደውና በእጅ የተሠራው አብረው ይሄዳሉ። በብዛት የሚነሡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች አንድ በአንድ እንያቸው።

ከግብፅ ሲወጡ ምን ይዘው ወጡ?

አሰናድተው የያዙት ስንቅ አልነበረም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 ይህን በግልጽ ይናገራል። ግብፃውያን ቶሎ ውጡልን ብለው ስላጣደፏቸው፣ ሊጡ ገና ሳይቦካ ቡሃቃውን በልብሳቸው ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። ሱኮት ሲደርሱ ያንኑ ሊጥ ቂጣ አድርገው ጋገሩት። የቂጣ በዓል እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ይህን ጥድፊያ ነው። የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብም በፋሲካ ቂጣ እየጋገረ ይህን ታሪክ ሲያከብር ኖሯል።

ምግብ አላሰናዱም ማለት ግን ባዶ እጃቸውን ወጡ ማለት አይደለም። በጎች፣ ፍየሎችና የቀንድ ከብቶች በብዛት ነበሯቸው። ከዘጠነኛው መቅሠፍት በኋላ ፈርዖን "እናንተ ሂዱ፤ ከብቶቻችሁ ግን ይቅሩ" ብሎ ነበር። ሙሴ አንድ ሰኮና እንኳ አይቀርም ብሎ እምቢ አለ። በዚያ ሰዓት ግትርነት ሊመስል ይችላል። በኋላ ግን መሥዋዕቱም፣ ወተቱም፣ የድንኳኑ ጠጉርና ቆዳም የመጣው ከዚያው መንጋ ነው።

ሌላው ብርና ወርቅ፣ ልብስም ነው። ከመውጣታቸው በፊት ከግብፃውያን ጎረቤቶቻቸው ጠይቀው ተቀበሉ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ማታለል ያየዋል። ብዙ ተርጓሚዎች ግን ለዘመናት ያልተከፈለ የባርነት ደመወዝ አድርገው ነው የሚያዩት። እኔም የማምነው እንደዚያ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ለአብርሃም ዘሮችህ ብዙ ሀብት ይዘው ይወጣሉ ተብሎ ተነግሮት ነበርና፣ ነገሩ ድንገት የመጣ አይደለም።

የያዙት ምግብ እስከ መቼ ቆየላቸው?

አንድ ወር ያህል። ከግብፅ ከተማ ከራምሴ የተነሡት በመጀመሪያው ወር በ15ኛው ቀን ነው። ሲን ወደሚባለው ምድረ በዳ የደረሱት ደግሞ በሁለተኛው ወር በ15ኛው ቀን። ማጉረምረሙ የጀመረው እዚያ ነው፦ በግብፅ በሥጋው ምንቸት አጠገብ ተቀምጠን እንጀራ እስክንጠግብ እንበላ ነበር አሉ። ሕዝቡን እምነት አልነበረውም ብሎ ከመውቀስ በፊት ይህን የአንድ ወር ልዩነት ማየት ተገቢ ነው። ልጆች ይዘው የወጡ ቤተሰቦች ናቸው። ዱቄቱ አልቋል። ፊታቸው ያለው ድንጋይና ሰማይ ብቻ ነው።

መና ምን ይመስል ነበር? እንዴትስ ይበላ ነበር?

ጠዋት ጤዛው ሲተን በምድር ላይ የሚቀር፣ እንደ አመዳይ የደቀቀ ነገር ነበር። መልኩ እንደ ድንብላል ዘር ሆኖ ነጭ፣ ጣዕሙ እንደ ማር እንጎቻ እንደነበር ዘጸአት ምዕራፍ 16 ይነግረናል። ዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ደግሞ በዘይት እንደተለወሰ እንጎቻ ይጣፍጥ ነበር ይላል።

ብዙ ሰው መና ተዘጋጅቶ የወረደ ምግብ ይመስለዋል። በዘኁልቁ የሰፈረው ግን ሌላ ነው። ሕዝቡ እየዞረ ይለቅመዋል። በወፍጮ ይፈጨዋል፣ ወይም በሙቀጫ ይወቅጠዋል። ከዚያ በምንቸት ይቀቅለዋል ወይም እንጎቻ ያደርገዋል። ሙሉ የማጀት ሥራ ነው። ወፍጮ፣ ሙቀጫ፣ ምንቸትና እሳት ይፈልጋል። ስለዚህ ወፍጮና ሙቀጫቸውን ጭምር ይዘው ይዞሩ ነበር ማለት ነው። ማገዶም መልቀም ነበረባቸው። በሰንበት ቀን እንጨት ሲለቅም የተገኘው ሰው ታሪክ በዘኁልቁ ምዕራፍ 15 አለ። ፀሐይ ሲሞቅ መሬት ላይ የቀረው መና ይቀልጥ ስለነበር ተኝቶ ማርፈድም አይቻልም።

በየቤቱ በጠዋት ተነሥተው የለቀሙትን፣ የፈጩትንና የጋገሩትን ሰዎች ታሪኩ በስም አያነሣቸውም። እኔ ግን መናን ሳስብ ቀድመው የሚታዩኝ እነሱ ናቸው።

ለአንድ ሰው ምን ያህል ይደርሰው ነበር?

በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር። ጎሞር የኢፍ አሥረኛ እጅ ነው፤ በዛሬው መስፈሪያ ወደ 2 ሊትር ገደማ ይሆናል። የቤተሰቡ ራስ በድንኳኑ ያሉትን ሰዎች ቆጥሮ ለሁሉም ይለቅማል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ከታሪኩ ሁሉ በጣም የምወደው ነው። አንዱ ብዙ ለቀመ፤ ሌላው ጥቂት። በጎሞር ሲሰፍሩት ግን ብዙ ለለቀመው አልተረፈውም፣ ጥቂት ለለቀመውም አልጎደለበትም። ጉልበት ያለውም የደከመውም የበላው እኩል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጠቀሰላቸው ይህንኑ ቃል ነው፦ 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8።

ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ማስቀመጥን የሚከለክል ነው። ለነገ ብሎ ያሳደረው ሰው መናው ተልቶና ሸትቶ አገኘው። ዓርብ ግን ሁለት ጎሞር ይለቀማል፤ የሰንበቱ ድርሻ ሳይበላሽ ያድራል። በሰንበት ሊለቅሙ የወጡ ሰዎች ምንም አላገኙም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሥርቱ ትእዛዛት በሲና ተራራ ከመሰጠታቸው በፊት ሕዝቡ ሰንበትን በየሳምንቱ በማጀቱ ይኖረው ነበር። ደግሞም እነዚህ ሰዎች ከባርነት የመጡ ናቸው። በግብፅ ጡብ ሲቆጠርባቸው እንጂ የዕረፍት ቀን ሲቆጠርላቸው አልኖሩም።

መና የተፈጥሮ ነገር ነው የሚባለው እውነት ነው?

በሲና የሚገኝ ጣፋጭ የተፈጥሮ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1927 የነፍሳት ተመራማሪው ፍሪትዝ ቦደንሃይመር ወደ ሲና ተጉዞ ነገሩን በቅርበት አጥንቶታል። ታማሪስክ በሚባለው የበረሃ ቁጥቋጦ ላይ የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት የተክሉን ፈሳሽ ይመጡና ጣፋጭ ጠብታ ያወጣሉ። ጠብታው ሲደርቅ ነጣ ያለ ቅንጣት ይሆናል። የበረሃው በደዊኖች ጉንዳን ሳይቀድማቸው በጠዋት ይለቅሙታል፤ ስሙንም መን ይሉታል።

መመሳሰሉ አይካድም። ልዩነቱም እንዲሁ። የታማሪስኩ ጣፋጭ የሚገኘው በዚያ አገር በጋ መጀመሪያ፣ በሰኔና በሐምሌ አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት ነው። መጠኑም ትንሽ ነው፤ ተፈጭቶ እንጀራ አይሆንም። የኦሪቱ መና ግን ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል፣ በሰባተኛው ቀን ይቆማል፣ ሕዝቡ በሄደበት ሁሉ ይከተላል። ታሪኩን የጻፈው ሰው የሚናገረው ስለ ተአምር ነው። በዚህ ማመንና አለማመን የአንባቢው ነው፤ ጽሑፉ ራሱ የሚለውን ማጣመም ግን ተገቢ አይመስለኝም።

ውሃስ?

ከምግቡ ይልቅ ያስጨነቃቸው ውሃው ነው። በዚያ ሐሩር ሰው ያለ ውሃ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው፤ ከብትም ከነበረ ፍጆታው ብዙ ነው። ኤርትራ ባሕርን ከተሻገሩ በኋላ በሱር ምድረ በዳ ሦስት ቀን ያለ ውሃ ሄዱ። ማራ ላይ ያገኙት ውሃ መራራ ሆነባቸው፤ ሙሴ እግዚአብሔር ያሳየውን እንጨት ሲጥልበት ጣፈጠ። በሲና ምዕራብ ዳርቻ ጨዋማና መራራ ጉድጓዶች ዛሬም አሉ።

ቀጥሎ ኤሊም ደረሱ። 12 የውሃ ምንጮችና 70 የተምር ዛፎች ነበሩባት። ብዙ ተመራማሪዎች ኤሊምን ዋዲ ጋራንደል ከሚባለው ለምለም ሸለቆ ጋር ያያይዟታል። እዚያ ተአምርም አላስፈለገም፤ ውሃው ነበረ፣ ሰፈሩበት።

ራፊዲም ላይ ነገሩ ከፋ። ሕዝቡ ሙሴን ሊወግረው ምንም አልቀረውም። በኮሬብ ያለውን ዐለት በበትሩ ሲመታው ውሃ ወጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በቃዴስ ተመሳሳይ ነገር ተደገመ። ያኔ ሙሴ ዐለቱን ተናገረው ተብሎ ሳለ ሁለት ጊዜ መታው፤ በዚህም ምክንያት እሱና አሮን ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዳይገቡ ተወሰነ። የውሃ ጉዳይ ሙሴን ያህል ሰው ትዕግሥት አሳጥቶታል። ያን ጊዜ እኅቱ ማርያም ገና መሞቷ ነበር፤ ታሪኩ ያለበት ዘኁልቁ ምዕራፍ 20 የሚጀምረው በእሷ ሞትና ቀብር ነው። የሙሴን ቁጣ ስናነብ ይህን ሐዘኑን አንርሳው።

በእጅ ተቆፍሮ የተገኘ ውሃም አለ። በዘኁልቁ ምዕራፍ 21 የሕዝቡ አለቆች በበትራቸው ጉድጓድ ሲቆፍሩ ሕዝቡ "አንተ ምንጭ ሆይ፥ ፍለቅ" እያለ ይዘምራል። እዚህ ላይ ማጉረምረም የለም። ሕዝቡ ከ40 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደተለወጠ ይህች አጭር መዝሙር ታሳያለች።

የድርጭቱ ነገር እንዴት ነው?

ድርጭት ሁለት ጊዜ መጥቷል። አንዴ በሲን ምድረ በዳ ከመናው ጋር፣ ሁለተኛው ከሲና ተራራ ከተነሡ በኋላ። ሁለቱም በሁለተኛው ወር አካባቢ፣ በጸደይ ነው። ድርጭቶች በጸደይ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ፣ በመከር ደግሞ ወደ አፍሪካ ይፈልሳሉ። መንገዳቸው በሲና በኩል ያልፋል። ረጅም በረራ ስለሚያደክማቸው ዝቅ ብለው ይበራሉ፤ መሬት ሲያርፉም በእጅ ሊያዙ ይችላሉ። በሰሜን ሲና የባሕር ዳርቻ ሰዎች በመረብ ሲያጠምዷቸው ኖረዋል። ጽሑፉ ራሱ ድርጭቱን ከባሕር ያመጣው ነፋስ ነው ይላል። ስለዚህ እዚህ ቦታ ላይ ተፈጥሮና ተአምር አይጣሉም።

ሁለተኛው ጊዜ ግን በሐዘን ነው ያለቀው። ሕዝቡ በግብፅ ይበላው የነበረውን ዓሣ፣ ዱባ፣ በጢሕ፣ ኩራት፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እያስታወሰ አለቀሰ። መናው ሰለቸው። ድርጭቱ ሲመጣ ቀንና ሌሊት፣ በማግስቱም ሰበሰቡ፤ በጣም ጥቂት የሰበሰበው እንኳ አሥር የቆሮስ መስፈሪያ ነበረው። ከዚያ በሰፈሩ ዙሪያ አሰጡት። ይህ እንደኛ ቋንጣ ሥጋን አድርቆ ማቆየት ይመስላል። የግሪኩ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም ግብፃውያን ድርጭትን በጨው አድርገው ሳይበስል ይበሉ እንደነበር ጽፏል።

ሥጋው ገና በጥርሳቸው መካከል ሳለ መቅሠፍት መታቸው፤ የቦታው ስም የምኞት መቃብር ተባለ። የሚፈልሱ ድርጭቶች አንዳንዴ ሰውን እንደሚመርዙ በሕክምና የታወቀ ነው፤ አንዳንድ ተመራማሪዎችም ታሪኩን ከዚህ ጋር ያገናኙታል። ጽሑፉ ግን ትኩረቱ ስስቱ ላይ ነው።

ከብት ነበራቸው አይደል? ለምን አርደው አልበሉም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሙሴም ራሱ አንሥቶታል። እግዚአብሔር ለአንድ ወር ሥጋ እሰጣችኋለሁ ሲለው፣ በጎቹና ላሞቹ ሁሉ ቢታረዱ ይበቃቸዋልን ብሎ ጠየቀ።

ከብት የሚያረባ ሰው መልሱን ያውቀዋል። መንጋ እየታረደ የሚያልቅ ስንቅ አይደለም። ወተቱ፣ ጠጉሩ፣ ቆዳውና ግልገሉ ነው ጥቅሙ። የእርባታውን እናት ያረደ ሰው ለከርሞ ባዶ እጁን ይቀራል። በዚያ ላይ በዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 በሬ፣ በግ ወይም ፍየል የሚያርድ ሰው ወደ መገናኛው ድንኳን ደጃፍ እንዲያመጣው ታዟል። እንዲሁ በየድንኳኑ ማረድ አይቻልም ነበር።

ቁጠባው ውጤት አምጥቷል። በጉዞው መጨረሻ የሮቤልና የጋድ ልጆች እጅግ ብዙ እንስሳት ስለነበሯቸው ከዮርዳኖስ ማዶ ያለውን የግጦሽ መሬት ጠየቁ። ከምድያም ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ትልቅ ምርኮ ገብቷል፤ ዘኁልቁ ምዕራፍ 31 በጉን 675,000፣ የቀንድ ከብቱን 72,000፣ አህያውን 61,000 ብሎ ይቆጥረዋል።

በረሃ ውስጥ መንጋ ምን ይበላል?

ሲና አሸዋ ብቻ አይደለም። ደቡቡ የግራናይት ድንጋይ ተራራ ነው፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው፤ በብርዱ ወራት በረዶ ይጥልበታል። በሸለቆዎቹ ግራርና ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ከዝናብ በኋላ ሳር ይወጣል። በጎችና ፍየሎች በዚያ ይኖራሉ። ሙሴ ራሱ የአማቱን የዮቶርን በጎች ሲጠብቅ የመጣው ወደዚሁ አካባቢ ነው።

40 ዓመት ሙሉ ሲጓዙ ነበር?

አይደለም። ይህን ማወቅ የስንቁን ጥያቄ ያቀልለዋል። በሲና ተራራ ሥር ብቻ ወደ 11 ወር ሰፍረዋል፤ በሦስተኛው ወር ደርሰው በሁለተኛው ዓመት በሁለተኛው ወር በ20ኛው ቀን ተነሡ። በቃዴስም ብዙ ቀን ተቀምጠዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ቃዴስን በሰሜን ሲና ዐይን ኤል ቁዴይራት ከምትባለው ትልቅ ምንጭ ጋር ያያይዟታል። ዘኁልቁ ምዕራፍ 33 የሰፈሩባቸውን ቦታዎች በተራ ይዘረዝራል፤ ከ40 የሚበልጡ ናቸው። ለ40 ዓመት ስታካፍሉት በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል መነሣት ማለት ነው። ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ የ11 ቀን መንገድ ብቻ ነው፤ መዘግየቱ ርቀት ያመጣው ሳይሆን ከነዓንን ሊያዩ የተላኩት ሰላዮች ካስፈሩት ሕዝብ አለመታዘዝ የመጣ ነው።

ከሌሎች ሕዝቦች ምግብ ይገዙ ነበር?

አዎ፤ ይህ ከተረሱት ነገሮች አንዱ ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 2 የዔሳው ልጆች በሚኖሩበት በሴይር ሲያልፉ ምግቡን በገንዘብ ገዝታችሁ ብሉ፣ ውሃውንም በገንዘብ ገዝታችሁ ጠጡ ተብለው ታዘዋል። ለሐሴቦን ንጉሥ ለሴዎንም የላኩት መልእክት ይኸው ነው፦ ምግብ ሽጥልን፣ ውሃም ሽጥልን፣ በእግራችን ብቻ እንለፍ። ለኤዶም ንጉሥም እኛና ከብቶቻችን ውሃህን ከጠጣን ዋጋውን እንከፍላለን ብለው ነበር። እሱ እምቢ ብሎ ሠራዊት አወጣባቸው፤ እነሱም ዞረው ሄዱ።

መና እየወረደላቸውም ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ነበራቸው፤ በሰው አገር ሲያልፉም እንዳይቀሙ፣ እንዲከፍሉ ታዘዋል።

አካባቢውም ባዶ አልነበረም። ግብፃውያን በሲና ሰራቢት ኤል ካዲም በሚባለው ቦታ ፈርጥ ያወጡ ነበር። በቲምና ደግሞ የመዳብ ማዕድን ነበር። የምድያም ሰዎችና የእስማኤላውያን ነጋዴዎች በግመል ሽቱና ቅመም ይዘው ያልፉ ነበር፤ ዮሴፍን ወደ ግብፅ የወሰዱት እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ናቸው።

ለመገናኛው ድንኳን ያ ሁሉ ወርቅና ብር ከየት መጣ?

ወርቁ ከግብፅ ከወጣው ጌጥ ነው። ሕዝቡ የጆሮ ጉትቻውን፣ ቀለበቱንና ድሪውን በፈቃዱ አመጣ። ዘጸአት ምዕራፍ 38 ሒሳቡን ያስቀምጣል፦ ወርቅ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል፣ ይህም ወደ 1 ቶን ገደማ ነው፤ ናስ 70 መክሊት ከ2,400 ሰቅል።

ብሩ ግን መዋጮ ነው። ከተቆጠሩት 603,550 ወንዶች እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል ከፈለ። አስሉት፤ 301,775 ሰቅል ይመጣል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ስለሆነ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል ማለት ነው። በምዕራፉ የተጻፈውም ቁጥር በትክክል ይኸው ነው። ሀብታም አይጨምር፣ ድሃም አያጉድል ተብሎ ነበር።

እንጨቱ በዚያው በረሃ የሚበቅለው ግራር ነው። የፍየሉን ጠጉር በእጃቸው የፈተሉት ሴቶች ናቸው፤ ሰማያዊውን፣ ሐምራዊውንና ቀዩን ፈትልም እነሱ አመጡ። የመታጠቢያው ሰን የተሠራው በድንኳኑ ደጃፍ ከሚያገለግሉ ሴቶች የናስ መስተዋት ነው። ባስልኤልና ኤልያብ ሥራውን መሩት። በመጨረሻ ሕዝቡ ከሚበቃው በላይ ስላመጣ ሙሴ ከእንግዲህ አታምጡ ብሎ አስታወጀ። ለሕንፃ የሚሰበሰብ መዋጮ በዛ ተብሎ ሲቆም ያነበብኩት እዚህ ብቻ ነው።

ለመሥዋዕቱ ዱቄትና ዘይት ከየት አገኙ?

ከግብፅ የተረፈ፣ ወይም ከነጋዴ የተገዛ ሊሆን ይችላል። በዘኁልቁ ምዕራፍ 7 አሥራ ሁለቱ አለቆች በዘይት የተለወሰ መልካም ዱቄት በብር ሳህን አምጥተዋል፤ ድንኳኑን የሚጭኑ 6 ሰረገሎችና 12 በሬዎችም ሰጥተዋል። ስለዚህ በሰፈሩ ጥቂት ዱቄት ነበር። ብዙኃኑ ግን እንጀራ አልበላም፤ ወይንና የሚያሰክርም አልጠጣም። ዘዳግም ምዕራፍ 29 እንዲህ ነው የሚለው።

ልብሳቸውና ጫማቸው 40 ዓመት እንዴት ቆየ?

በዘዳግም መሠረት ልብሳቸው አላረጀም፣ ጫማቸውም አላለቀም፣ እግራቸውም አላበጠም። የአይሁድ መምህራን ትውፊት ከዚህ አልፎ የልጆቹ ልብስ ከልጆቹ ጋር አብሮ ያድግ ነበር ይላል። ከዚህ ጎን ለጎን የበግ ጠጉርና ቆዳ፣ የሚፈትሉና የሚሸምኑ እጆችም እንደነበሯቸው ከላይ አይተናል።

ውሃና ግጦሽ ያለበትን ቦታ ማን ያሳያቸው ነበር?

የደመናው ዓምድ ይመራቸው ነበር። ሆኖም ሙሴ የአማቱን ልጅ ምድያማዊውን ኦባብን አጥብቆ ለምኖታል፦ በምድረ በዳ የምንሰፍርበትን አንተ ታውቃለህና አትተወን፣ እንደ ዓይናችን ትሆንልናለህ አለው። ሙሴ ከላይ የሚመጣውን ምሪት እያየም የአገሩን ሰው ዕውቀት አልናቀም። የትኛው ሸለቆ መቼ ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ጉድጓድ ከብት እንደሚያጠጣ በዚያ ያደገ ሰው ነው የሚያውቀው። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ አንባቢ በችኮላ ያልፋል፤ እባካችሁ ቆም ብላችሁ አንብቡት።

የሕዝቡ ቁጥር እውነት ይህን ያህል ነበር?

603,550ው ለጦርነት የደረሱ ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶችና ልጆች ሲጨመሩ 2 ሚሊዮን አካባቢ ይገመታል። በቀን አንድ ጎሞር ከሆነ 4 ሚሊዮን ሊትር ያህል መና ማለት ነው። ቁጥሩን እንዳለ የሚቀበሉ አሉ፤ አነስ ያለ ሕዝብን ያመለክታል የሚሉ ምሁራንም አሉ። በሲና በተደረጉ ቁፋሮዎች ጉዞውን በቀጥታ የሚያረጋግጥ ነገር እስካሁን አልተገኘም።

መናው በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለምን ከእመቤታችን ጋር ይነሣል?

አንድ ጎሞር መና ለትውልድ እንዲታይ በመሶብ እንዲቀመጥ ታዞ ነበር። የዕብራውያን መልእክት መሶቧን የወርቅ ይላታል። ቤተ ክርስቲያን በውዳሴ ማርያም እመቤታችንን መሶበ ወርቅ ትላታለች፤ ከሰማይ የወረደውን እንጀራ ክርስቶስን ስለያዘች። መናውን ከክርስቶስ ጋር የሚያገናኘው ትምህርት በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ በስፋት ይገኛል።

መናው መቼ ቆመ?

ዮርዳኖስን ከተሻገሩ በኋላ፣ በኢያሪኮ አጠገብ በጌልገላ። በመጀመሪያው ወር በ14ኛው ቀን ማታ ፋሲካን አደረጉ። በማግስቱ ከምድሪቱ ፍሬ ቂጣና የተጠበሰ እሸት በሉ። መናው ከዚያ በኋላ አልወረደም።

ጊዜው የተመረጠ ነው። መጽሐፈ ኢያሱ በመከር ወራት ዮርዳኖስ እስከ ዳርቻው ይሞላ እንደነበር ይናገራል፤ በዚያ ቆላ በጸደይ የሚደርሰው ደግሞ ገብስ ነው። መናው የቆመው አዝመራው በደረሰበት ወቅት ነው። ከመሻገራቸው በፊትም ኢያሱ በሰፈሩ እየዞሩ "ስንቃችሁን አዘጋጁ" የሚሉ አለቆች ልኮ ነበር። ከግብፅ ሲወጡ ስንቅ ለማሰናዳት ጊዜ አላገኙም፤ ወደ ከነዓን ሲገቡ ሦስት ቀን ተሰጣቸው።